ያልታተመ ትኬትና የካርቶን ሰዓት

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ጀርመን ያለችውን ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ከእኔ ቀድማ ደርሳ የመጣች ጎረቤቴ ትኬት ይዛ ሳለ 60 ዩሮ መቀጣቷን ነገረችኝ። ልጄ ደግሞ «መኪና ስናቆም የካርቶን ሰዓት እናዞራለን» ትላለች። ትኬት የገዛ ሰው እንዴት ይቀጣል? የካርቶኑ ሰዓትስ ለምንድን ነው?
አንባቢያችሁ

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ልጅዎን ለማየት አበቃዎት።

በጎረቤትዎ የደረሰው በእኔም ደርሷል። ለትምህርት በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ትኬት ከማሽን ገዝቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ባቡር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረ ተራ ልብስ የለበሰ ሰው ብድግ ብሎ መታወቂያውን አሳየኝና ትኬት ጠየቀኝ። ያለ ስጋት ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «አልታተመም» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ የተሰማኝ ሐፍረት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እዚያ ሒሳብ የሚሰበስብ ረዳት የለም፤ ጣቢያውም በር የለው፤ ሰው ዝም ብሎ ገብቶ ይሳፈራል። በብዙ ከተሞች ከማሽን የሚወጣው ትኬት ጉዞው የሚጀመርበት ሰዓት አልተጻፈበትም። ዛሬ ገዝተው ነገ ሊሄዱበት ይችላሉ። ጉዞው መጀመሩን የሚመሰክረው ተሳፋሪው ራሱ በማተሚያ ሣጥን የሚያስመታበት የቀንና የሰዓት ማኅተም ብቻ ነው። ያልታተመውን ነገም ከነገ ወዲያም ሊሳፈሩበት ስለሚችሉ ተቆጣጣሪው እንዳልተከፈለ ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን አሠራሩን የማያውቅ እንግዳን መቅጣት ደግ ነው አልልም። ጎረቤትዎ የሚያሳፍር ነገር አልሠሩም፤ ይንገሩልኝ።

ትኬቱ ላይ «ቢተ እንትቬርተን» የሚል ካለ «እባክዎ ያትሙ» ማለት ነው። ማተሚያዋ ትንሽ ሣጥን ናት፤ አንዳንድ ቦታ ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ ላይ፣ ሌላ ቦታ አውቶቡሱ ውስጥ ትገኛለች። የትኬቱን ጫፍ ሲያስገቡ ቀኑንና ሰዓቱን ትመታበታለች። መድረኩ ላይ ካዩዋት ሳይሳፈሩ ያትሙ። ታትሞ የሚወጣ ትኬትም አለ፤ ሹፌሩ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው። ከተጠራጠሩ ሳይሳፈሩ አጠገብዎ ላለ ሰው ያሳዩት፤ እኔ ጠይቄ ያመናጨቀኝ የለም።

የካርቶኑ ሰዓት ፓርክሻይቤ ይባላል። ሰማያዊ ነው፤ ቁመቱ 15፣ ወርዱ 11 ሳንቲ ሜትር። መኪና በነጻ፣ ግን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ በሚቆምበት ቦታ ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀመጣል። ጠባቂ ሳይቆም፣ ሳንቲም ሳይከፈል፣ የደረሱበትን ሰዓት ራስዎ ይመሰክራሉ፤ ይህን ልማድ እወደዋለሁ። የሚዞረው ግን በደረሱበት ደቂቃ ላይ ሳይሆን ቀጥሎ ባለው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። 10፡10 ከደረሱ 10፡30 ላይ ያደርጉታል፤ ምልክቱ 2 ሰዓት ከፈቀደ እስከ 12፡30 መቆም ይችላሉ። ጊዜው ሲያልቅ መኪናው ካለበት ሳይነቃነቅ ሰዓቱን እንደገና ማዞር ክልክል ነው።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር፦ እኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 10 ነው። ልጅዎ ሱቅ ገብታ «እማዬ፣ ሰዓቱን አዙሪልኝ» ካለችዎት በእኛ አቆጣጠር 4 ላይ እንዳያደርጉት፤ ተቆጣጣሪው የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነው።