ጭስን ድንጋይ ማድረግ፦ ለጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው የፋብሪካ ጭስ ውስጥ ያለውን፣ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሬት ውስጥ ስለማስቀመጥ ጽፌ ነበር። ጥያቄ ጎረፈልኝ። አራቱን ልመልስ።

«ተመልሶ አይወጣም ወይ?» ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ከ800 ሜትር በታች ግፊቱ ስለሚበረታ ጋዙ ታምቆ ፈሳሽ ሊመስል ይደርሳል። ቀዳዳ ባለው አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ይሰርጋል። ከላዩ የማያሳልፍ ድንጋይ እንደ ክዳን ይገጥመዋል። ኖርዌይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ባሕር ወለል ስር፣ ስላይፕነር በተባለ ቦታ፣ እንዲህ እያስቀመጠች ነው። ሰው ሊፈራ የሚገባው በደንብ ያልተደፈኑ የድሮ የነዳጅ ጉድጓዶችን ነው። ክትትል ከሌለ እኔም አላምነውም።

«ካሜሩን ውስጥ ከሐይቅ የወጣ ጋዝ ሕዝብ ፈጅቷል አሉ። ጣናስ?» ጀልባ ነጂ

ወንድሜ፣ አይዞህ። ኒዮስ ሐይቅ በ1986 እ.ኤ.አ. ከ1,700 በላይ ሰው ገድሏል፤ እውነት ነው። ጋዙን ግን ማንም አልቀበረውም። ከእሳተ ገሞራ መጥቶ 200 ሜትር በሚጠልቀው ውሃ ግርጌ የተጠራቀመ ነበር። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ እስከ ታች ያማስለዋል።

«የኛ ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?» ድንጋይ ጠራቢ

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። አይስላንድ ውስጥ ካርብፊክስ የተባለው ሥራ ጋዙን ውሃ ውስጥ ያሟሟዋል፤ አምቦ ውሃ በሉት። ከዚያ ባዛልት በተባለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ይለቁታል። ኮምጣጣው ውሃ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያወጣል፤ ጋዙም ከነሱ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። በመጀመሪያው ሙከራ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሁለት ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። ድንጋይ የሆነ ጋዝ ደግሞ ወዴትም አይሄድም።

የኛም ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ስትጠርበው ብሱ ውስጥ ነጭ ነገር ካገኘህ ሎሚ ጨምቅበት። አረፋ ከደፈቀ፣ ተፈጥሮ ድንጋይ ያደረገችውን ያንኑ ጋዝ እያየህ ነው።

ግን ለ1 ቶን ጋዝ ወደ 25 ቶን ውሃ ይፈልጋል። በእንቦጭ ከተጨነቀው ጣና ይቀዳ የሚል ቢመጣ እኔ እቃወማለሁ። አለቱም በቁፋሮ መጠናት አለበት።

«የእኔ ከሰል ጭስስ ይቀበራል?» እናት፣ ከሽምብጥ

አይቀበርም፣ እናቴ። ይህ ለሲሚንቶ ፋብሪካና ለመሳሰሉት ትልልቅ ጭስ ማውጫዎች ነው። እርስዎን የሚያሰጋዎት ሌላ ጋዝ ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሽታ የለውም፤ በተኙበት ይገድላል። ከሰሉ ዐመድ ቢለብስም አይመኑት። ማታ ምድጃውን ውጭ ያሳድሩት።