የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ደመወዙ በረከት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ሁለት ዘበኞች አሉን። አንዱ 24 ሰዓት ጠብቆ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። የጽሑፍ ውል የላቸውም። የዓመት ፈቃድም ወጥተው አያውቁም። ባለፈው ወር ሌሊት የድምፅ ማጉያ ተሰረቀ፤ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ይከፈል የሚል ሐሳብ ቀረበ። «መጀመሪያ ውል እንስጣቸው» ብል አንድ አባት «የእግዚአብሔርን ደጅ መጠበቅ በረከት ነው። በመዝሙሩ ‹በእግዚአብሔር ቤት እጣል ዘንድ መረጥሁ› ተብሏል። የመንግሥት የሠራተኛ ሕግ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። አባታችን የጠቀሱት ቃል እውነተኛ ቃል ነው። ግን ማን እንደተናገረው እንይ። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 83 ነው። አርእስቱ «የቆሬ ልጆች መዝሙር» ይላል። የቆሬ ልጆች ደግሞ እነማን ናቸው? አንደኛ ዜና መዋዕል 9ን ግለጡ፤ የድንኳኑን መድረክ የሚጠብቁ በረኞች ናቸው። በእኛ ቋንቋ ዘበኞች ማለት ነው። እንግዲህ «በዚህ ደጅ መጣል ይሻለኛል» የሚለው ዘበኛው ራሱ ነው፣ ስለ ራሱ። ቀጣሪው ደመወዝ ላለመጨመር የሚጠቅሰው ጥቅስ አይደለም። የእናንተ ዘበኛ በብርድ ሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ ይህን ቢል በረከቱ የእርሱ ነው። እኛ በእርሱ ፈንታ ስንለው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ እንቆይ፣ ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው ነው። በረኞቹ 212 ነበሩ ይላል። በመንደሮቻቸው የሚኖሩ ወንድሞቻቸው በየሰባት ቀኑ እየመጡ ያግዟቸው ነበር። ተራ ነበራቸው ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛስ ካህናት በሰሞን አይደል የሚያገለግሉት? ሰሞነኛው ሰሞኑ ሲያልቅ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ለካህኑ ሰሞን ሠርተን ለዘበኛው እንዴት ረሳነው?

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 84 ሰዓት ይደርሰዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው መደበኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ስለዚህ ሰዎቻችሁ በየሳምንቱ 36 ሰዓት ትርፍ ይሠራሉ። ሦስት ሰው ብትቀጥሩም 144 ሰዓት ብቻ ነው የሚሸፈነው። አራተኛ ያስፈልጋል፣ ቢያንስ በከፊል። «ገንዘብ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይህን ጥያቄ አላቃልልም። ሆኖም ለንግሥ ድንኳንና ለጀነሬተር ኪራይ ሲሆን ገንዘቡ እንዴት እንደሚገኝ ሁላችንም አይተናል።

«ሕጉ አይመለከተንም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ የሃይማኖት ድርጅቶችን ሠራተኞች ለየት አድርጎ አይቷል፣ ግን የሚለየው መንፈሳዊ አገልግሎትን ነው። የሚቀድሰው ቄስ፣ የሚያገለግለው ዲያቆን፣ ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ይታያል። ዘበኛው፣ ጽዳቷ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ናቸው። እርግጥ ከጥንት መዓርጋት አንዱ ዐጻዌ ኆኅት ነው፣ ደጅ ዘጊና ከፋች። ሆኖም ለዘበኞቻችሁ ማንም እጅ አልጫነም። የተቀጠሩት በደመወዝ ነው።

ውልን በተመለከተ፣ ወረቀት የለም ማለት ውል የለም ማለት አይደለም። በቃልም ቢሆን ውል ነው። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የተሠራው ትርፍ ሥራ በቀን ብርሃን ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በሁለት ተኩል። ጥምቀት የሕዝብ በዓል መሆኑን አትርሱ፤ የዘበኛው የሥራ ጫናም በዚያ ቀን ነው የሚብሰው።

ስለ ድምፅ ማጉያው። የሰው ደመወዝ በስብሰባ ውሳኔ ዝም ብሎ አይቆረጥም። ሕግ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የራሱ የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዙ ሲሶ ማለፍ የለበትም። ደግሞ እስቲ በሐቅ እንነጋገር። 20 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሽማግሌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቢያንጎላጅ ጥፋቱ የማን ነው? ዕቃ ቤቱ ደኅና ቁልፍ ነበረው? ማጉያው ተመዝግቦ ነው የተረከቡት? እናንተ ሳታስረክቡ እነርሱን አትጠይቁ። ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቱ።

ነህምያ ምዕራፍ 13ን ለስብሰባው አንብቡላቸው። ለሌዋውያን፣ ለመዘምራንና ለበረኞች የታዘዘው አሥራት ይቀመጥበት የነበረውን ጓዳ ካህኑ ለወዳጁ ለጦብያ አሰናዳው። የሌዋውያኑ ድርሻም ቀረ። እነርሱም ወደየእርሻቸው ሄዱ። ነህምያ ሲመለስ የተቆጣው የሄዱትን አይደለም። ሹማምንቱን ነው፤ «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ። ከዚያ የታመኑ ግምጃ ቤት ጠባቂዎችን ሾመ። በዛሬ አነጋገር አሠራሩን አስተካከለ። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ መተዳደሪያ ደንብ፣ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያልጠየቅኸኝን። ባገለገልሁበት አንድ ደብር የነበሩ ዘበኛ «ቅዳሴ የምሰማው ከበር ላይ ሆኜ በማጉያ ነው» ብለውኝ ነበር። እሑድ ሁልጊዜ ተረኛ ናቸው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ሌባም ይበዛል። ንስሐ አባታቸውን እንኳ ካገኙ ቆይተው ነበር። በየቀኑ በዚያ በር ሳልፍ «እንደምን አደሩ» ከማለት ሌላ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር፣ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። አዲሱን የተራ ሰንጠረዥ ስታወጡ እያንዳንዱ ዘበኛ ቢያንስ በወር ሁለት እሑድ ገብቶ የሚያስቀድስበት አድርጉት። ከስብሰባው በፊት ደግሞ ሁለቱንም ለብቻ ጠርታችሁ መጨረሻ የቆረቡት መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው።