ባለ ቆቡ ስድስት ጎራሽ፦ የቱ ይገዛ?

በዚህ እትም ሦስት ጥያቄ ነው የመረጥኩት። ሦስቱም ስለ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሊገዛ፣ አንዷ መድረክ ላይ ልትጠቀምበት፣ አንዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የያዙት። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ከሳቢያን ነው የምጽፈው። ታላቅ ወንድሜ ኦሃዮ፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው። በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱ ሰዎች ክበብ ገብቶ አሁን የራሱን ሽጉጥ መግዛት ፈልጓል። የድሮው በአዲስ የተሠራ ነው፤ ባሩዱም እርሳሱም በእጅ የሚጎረስበት። ኮልት 1851፣ ኮልት 1860 እና ሬሚንግተን 1858 ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ከ1851ዱ አንዱ አካሉ ናስ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ እኔ እሱን ወድጄዋለሁ። የቱን ልበለው? ለአባታችንም አንድ ገዝቶ ይዞ ሊመጣ አስቧል፤ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ይዞ እንዳይመጣ። አቦ በናትህ ዛሬውኑ ደውልለት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዘመናዊ ጥይት የማይጎርስ የባሩድ ሽጉጥን ከጥንታዊ ዕቃ ነው የሚቆጥረው፤ ለዚህ ነው በብዙ ስቴት ያለ ብዙ ወረቀት የሚሸጠው። ስቴቶቹ ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ስለዚህ እሱም የሚኖርበትን አጣርቶ ይግዛ። ያ ሕግ እኛ ጋ አይሠራም። እዚህ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባት ያሳስራል። «የድሮ ዓይነት ነው፣ ለጌጥ ነው» ብሎ ጉምሩክ ላይ ለማስረዳት አይሞክር። ባሩዱና እሱን የሚያቀጣጥለው ቆብማ በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ለአባታችሁ ሌላ ስጦታ ይፈልግ።

አሁን ወደ ምርጫው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር፤ ይህ ሽጉጥ ቀለሃ የለውም። በሲሊንደሩ ስድስት ጉድጓዶች ከፊት በኩል ባሩድ ይጨመራል፣ በላዩ ክብ እርሳስ ይቀመጥና ከአፈሙዙ ሥር ባለው ማንሻ ተገፍቶ ይገባል። ከኋላ ደግሞ ስድስት ኒፕሎች፣ ማለትም ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ቱቦዎች፣ አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሲመታ እሳት የሚተፋ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። መዶሻው ቆቡን ሲመታው እሳቱ በኒፕሉ ገብቶ ባሩዱን ያገኘዋል። በቃ ይኸው ነው።

ናሱን ተወው። ዓይን እንደሚስብ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ዕድሜዬን ድሬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ነው ያሳለፍኩት፣ ናስ በምት ብዛት ምን እንደሚሆን በእጄ አይቼዋለሁ። በተተኮሰ ቁጥር ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ናሱ ላይ ቀስ በቀስ የቀለበት ቅርጽ ይታተማል፣ አፈሙዙን የያዘው ዘንግ የተተከለበት ቦታ ይላላል፣ ከዚያ ሽጉጡ መንገጫገጭ ይጀምራል። ኮልቱ ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሲሊንደሩ በላይ አካሉንና አፈሙዙን የሚያያይዝ ድልድይ የለውም። የናስ አካል መነሻው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የደቡቡ ወገን ብረት ስላጠረው ጆርጂያ ውስጥ ግሪስዎልድ የሚባለው ፋብሪካ ከናስ ቀልጦ በተሠራ አካል ሽጉጥ ይሠራ ነበር። እሱም ቢሆን ካሊበሩ (የአፈሙዙ ስፋት በኢንች መቶኛ) 36 ነበር። ዛሬ የሚሸጠው «1851 ናስ፣ ካሊበር 44» ግን በታሪክ ያልነበረ ነው፤ ዋናው ኮልት 1851 በ36 ብቻ ነው የተሠራው። ስለዚህ ወንድምህ ናሱን በ44 ከገዛ ታሪኩንም ጥንካሬውንም ያጣል። በ36 ሆኖ ትንሽ ባሩድ እየጎረሰ ከተኮሰ ናሱም ብዙ ያገለግላል፤ ግን ገንዘብ ካለው ምን አስቸኮለው? ብረቱን ይግዛ።

ኮልት ወይስ ሬሚንግተን? እዚህ ላይ ሰው እስከ ንጋት ይከራከራል። ኮልቱ እጅ ላይ ያርፋል፤ መያዣው እጅን የሚያውቅ ነው የሚመስለው፣ 1851ዱ በተለይ። 1860ው መያዣው ረዘም ይላል፣ ትልቅ እጅ ላለው ይመቻል። ሁለቱም ወደ 1.2 ኪሎ ይመዝናሉ። ሲሊንደሩ የሚዞርበት ዘንግም ወፍራም ስለሆነና ግራሶ ስለሚይዝ ጥቀርሻ ቶሎ አያስረውም። ችግሩ ሌላ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው መዶሻው ላይ የተቆረጠ ስንጥቅ ነው፣ በቅርብ ርቀት ከዒላማው በላይ ይመታል። የፈነዱ ቆቦችም ተሰባብረው መዶሻው ሥር ይወድቁና ማሽኑን ያስሩታል። አፈሙዙን ከአካሉ ጋር የሚያስረው አንድ ሽብልቅ ብቻ ነው።

ሬሚንግተኑ ድልድይ አለው። ጠንካራ ነው፤ ማነጣጠሪያው አካሉ ላይ ስለተቆረጠ አይንቀሳቀስም፣ ሲሊንደሩም ማንሻውን ዝቅ አድርጎ ዘንጉን መሳብ ብቻ ነው፣ ወዲያው እጅህ ላይ ይወጣል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማጠብ ካቻቢቴም መዶሻም አይፈልግም። በሌላ በኩል ዘንጉ ቀጭን ነው። ጥቂት ዙር ከተተኮሰ በኋላ ጥቀርሻው ይይዘውና ሲሊንደሩ አልዞርም ይላል፤ አውጥቶ ጠርጎ መመለስ ነው። መያዣው ላይም ትልቅ እጅ ይጨናነቃል።

የእኔን ከጠየቅከኝ፣ ዒላማ ለመምታትና ክበቡ ውስጥ ለመወዳደር ከሆነ ሬሚንግተን በብረት አካል፣ ካሊበር 44። ታሪኩን ከወደደና ቅዳሜ ቅዳሜ ደስ ብሎት መተኮስ ብቻ ከፈለገ ግን ኮልት 1851 በብረት አካል፣ በትክክለኛው 36። እኔ ራሴ ልቤ ወደ 1851ዱ ያደላል። 1860ውም አያሳፍርም። ዎከር የሚባለውን የ1847 ግዙፍ ከጠቆሙት ግን ይለፈው፤ 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

አብዛኞቹ የተሠሩት ጣሊያን አገር ብሬሻ ዙሪያ ነው። ኡበርቲና ፒዬታ ሁለቱ ትልልቆቹ ናቸው። ኡበርቲ አጨራረሱ ያምራል፤ ፒዬታ ዋጋው ይቀላል። ግን አንድ የቶርኖ ሰው የማያልፈው ነገር አለ። በኡበርቲ ኮልቶች ላይ ዘንጉ አፈሙዙ ውስጥ ካለው ጉድጓድ መጨረሻ ሳይደርስ የመቅረት ልማድ አለው፤ ስለዚህ ሽብልቁን ጠበቅ ባደረግህ ቁጥር አፈሙዙ ወደ ሲሊንደሩ ይጠጋል፣ አንዴ ይለቃል አንዴ ይታሰራል። የፒዬታዎቹ ዘንግ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ኡበርቲ ከገዛ ጉድጓዱ ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ትንሽ ብረት አስገብቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ለባለሙያ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በሬሚንግተን ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በዝግታ ይየው። መዶሻውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲስብ ሲሊንደሩ ቦታው ላይ ጠቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ስድስቱንም ይሞክር። ቆሞ ሳለ ወደ ግራ ቀኝ ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ይመልሰው። አፈሙዙ ውስጥ በመብራት ይመልከት፣ የተቦረቦረ ዝገት ካለ ቀድሞ ያልታጠበ ነው ማለት ነው። ኒፕሎቹ ተፈትተው የሚወጡ መሆናቸውንም ያረጋግጥ። የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የፍተሻ ቤት ማህተምም ይኖረዋል፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉት ፊደሎች የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ።

ከገዛ በኋላ ያለው ይበልጣል፤ ይሄን ቃል በቃል ንገረው። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ ጠብታም አይገባበትም፤ ሽጉጡን ያፈነዳዋል፣ እጁንም ይወስዳል። ጥቁር ባሩድ ወይም በምትኩ የተሠራውን ብቻ፣ መጠኑም አምራቹ በመመሪያው ላይ ከጻፈው አይለፍ። ከባሩድ ዕቃው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አያፍስ፤ መጀመሪያ በመስፈሪያ ይስፈር፣ ምክንያቱም ያልጠፋ ፍም ካለ ዕቃው በሙሉ እጁ ላይ ነው የሚነደው። እርሳሱ ለ44 በ0.451 ወይም 0.454 ኢንች፣ ለ36 በ0.375 ኢንች ይሁን፤ ሲገፋ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ተላጦ ከቀረ ልኩ ነው። በልክ ካልገባ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ይገባና ሁለት ሦስቱ አብረው ይተኮሳሉ። ከኋላም ቆቡ ከሰፋ ያው ነው፤ ስለዚህ ኒፕሉን የሚያህል ቆብ፣ ቁጥር 10 ወይም 11፣ ለይቶ ይግዛ። ብዙዎች በእርሳሱ ላይ ግራሶ ይቀባሉ፤ ጥቀርሻውንም ያለሰልሳል። ክበቡ ውስጥ አምስት ጎርሶ መዶሻውን በባዶው ጉድጓድ ላይ ማሳረፍ የተለመደ ነው፣ እሱም እንደዚያ ያድርግ።

ማጠብ በዚያው ቀን ነው። ጥቀርሻው እርጥበት ስለሚስብ አድሮ ብረቱን ይበላዋል። ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ዘይት መቀባት። ሲደክመው «ነገ» የሚል ሰው ከሆነ ይህን ሽጉጥ አይግዛ።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ ራምቦ ሐረር ስለነበረበት ዘመን ተውኔት እያዘጋጁ ነው። ነጋዴው መድረክ ላይ ሽጉጥ መያዝ አለበት። የድሮ ዓይነት ባሩድ ሽጉጥ በአዲስ የተሠራ ብናገኝ ይሻላል ወይስ ከእንጨት እናሠራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእንጨት። እውነተኛውን ባዶም ቢሆን አታስገቢው። እርሳስ ባይጎርስም ባሩዱ በቅርብ ያቃጥላል፣ የፈነዳ ቆብ ስብርባሪም ዓይን ያጠፋል፤ የጀጎል ክፍሎች ደግሞ ጠባብ ናቸው። እንጨቱን ጥቁር ቀብታችሁ መያዣውን ቡኒ አድርጉት፣ ድምፁን ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ጣውላ በማጋጨት አምጡት። ልምምዱን ከማሳየታችሁ በፊትም ለአካባቢው ፖሊስ ንገሩ፣ ሰው እንዳይደነግጥ።

ታሪኩን ግን በደንብ አድርጊው፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። ራምቦ ሐረር የመጣው በ1880 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ከተማዋ በግብፅ እጅ ሳለች፤ ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ነበሩ። የግብፅ ወታደር ሬሚንግተን ጠመንጃ ይያዝ። ይህ ቀለሃ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፣ ከላይ ካነሳሁት ሽጉጥ ጋር አታምታቱት። ራምቦ ለምኒልክ ያቀረበው 2,000 ያህል ጠመንጃ ግን ባለ ቆብ ነበር፤ አውሮፓ ከአገልግሎት ያወጣችው። እሱ ራሱ በደብዳቤው ሊዬዥ (ቤልጂየም) እና ፈረንሳይ ውስጥ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጣ፣ ሸዋ ላይ ግን ወደ 40 እንደሚሸጥ ጽፏል። ይህችን የዋጋ ልዩነት ተዋናዩ አንድ ጊዜ ቢናገራት ሽጉጡ ከሚናገረው በላይ ትናገራለች። ለነጋዴው ራሱ ባለ ቀለሃ ሽጉጥ ነው የሚመጥነው፤ በ1880ዎቹ ባለ ቆቡ አርጅቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ከመጋላ ነኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። ከአጎቴ የቀረ ባለ ቆብ ረጅም ጠመንጃ አለኝ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ልጄ ለሠርጉ አንድ ጊዜ እንተኩሰው እያለ ነው። ደግሞ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ አይተኮስ። የዚህ ዓይነት አፈሙዝ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ በዓይን አይታወቅም፤ የፈነዳ ቀን ደግሞ የሚጎዳው የያዘው ሰው ብቻ አይደለም። ሰማይ ላይ ይተኮስ ቢባልም ያው ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይመርምሩ። ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ከሆነ ብዙ ዓመት ቢቀመጥም ይነዳል፣ የድሮ ሰዎች ደግሞ ጎርሶ መስቀል ልማዳቸው ነበር። ልጆችን ከክፍሉ ያስወጡ። አፈሙዙን ሰው ከሌለበት፣ ከራስዎም ፊት ያርቁ። ኒፕሉ ላይ ቆብ ካለ አይነካኩት፣ ባለሙያ ይጥሩ። ከሌለ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከጎን ሆነው በአፈሙዙ እስከሚቆም ያስገቡ፣ አፉ ጋ በመጻፊያ እርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ አውጥተው ከውጭ በኩል አፈሙዙ ጎን ያስተኙት። የዘንጉ ጫፍ ኒፕሉ ያለበት ጋ ከደረሰ ባዶ ነው። ሁለት ሦስት ጣት ቀደም ብሎ ከቆመ ውስጡ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ ያቁሙ፣ ለፖሊስ ይንገሩ፣ ልጅዎ በብረት እንዳይቆፍረው።

ፈቃዱንም ያስጨርሱ፤ በዚሁ በ1177/2012 አዋጅ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም፣ አሮጌ ነው ብለው አይዝናኑ። የብርጭቆ ወረቀቱን ደግሞ ይንጠቁት። ቡኒው ገጽ ብረቱን ይዞ ያቆየው ነው፣ ከተፈገፈገ ጽሑፉና ማህተሙ አብሮ ይሄዳል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ የማሽን ዘይት፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። እንጨቱን በተልባ ዘይት ያሹት። የድሬ አቧራ ስለሚቀመጥበት በየጊዜው ይጥረጉት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ክረምት ላይ ግድግዳ እርጥበት ያስተላልፋል።