የቀየረው ልጅ ከለቀቀ በኋላ የኦፕንኤስኤስኤል ፎርክ ምን ይደረግ?

ሰላም ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ የጠየቅከውን አየሁት። ቢሯችሁ ኦፕንኤስኤስኤልን (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ነጻ የኮድ ላይብረሪ) ለራሱ ቀይሮ ይጠቀማል፤ ፎርክ የምንለው ይሄን የተቀየረ ቅጂ ነው። የቀየረው ልጅ ሥራ ለቋል። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ትቸገራላችሁ። እንያዘው ወይስ እንተወው ነው ያልከው።

እኛም ባሕር ዳር ይሄው ደርሶብናል። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሲስተም እንሠራ ነበር፤ ፎርካችን ቆሞ የነበረው ስሪት 1.1.1 ላይ ነው። «ትንሽ ማስተካከያ ናት» ስንባባል ኖረን ብንቆጥራት 11 ፓች (በኮዱ ላይ የተደረገ ለውጥ) ሆና ተገኘች። የሦስቱን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የኮሚት መልእክቱ (ለውጡ ሲመዘገብ የሚጻፈው ማስታወሻ) «ፊክስ» ይላል፣ በቃ። የጎጃም ሰው ነንና ልንገርህ፦ ሰምና ወርቅ ለቅኔ ነው። ኮሚት ላይ ወርቁን ብቻ ጻፉ።

የ1.1.1 ነጻ ድጋፍ ያበቃው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ቢገኝ መድፈኛው ለከፈለ ብቻ ነው። ወደ 3.0 ልንሻገር ስንል ፓቾቻችን አንገባም አሉ። 3.0 አልጎሪዝሞቹን ፕሮቫይደር በሚባል ክፍል አዲስ አደራጅቷቸዋል፤ እኛ የነካካነው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስድስት ሳምንት በላን። ግማሹ ያለቀው «ይሄ ለምን ተነካ?» ስንል ነው። አንዱ ፓች የድሮ ቲኤልኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት ደንብ) ስሪቶችን የሚዘጋ ሆኖ አረፈው። ይሄ እኮ ኮንፊግ ፋይል ላይ አንድ መስመር ነው! የምስጠራ ቁልፍ የምናስቀምጥበትን መሣሪያ የሚያገናኘው ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮቫይደር ሆኖ ከላይብረሪው ወጣ። መጨረሻ ላይ 2 ፓች ቀረን።

ስለዚህ መያዝ መተውን አቆዩትና መጀመሪያ ፓቾቻችሁን ቁጠሩ። ጉግል እንኳ ፓቾቹ ከ70 ሲያልፉ ከበደውና በ2014 እ.ኤ.አ. የራሱን ፎርክ፣ ቦሪንግኤስኤስኤልን፣ ለይቶ አወጣ። እሱ የሰው ኃይል አለው። እናንተ ስንት ናችሁ?

ቁልፍ የሚሠራበትን የነሲብ (ራንደም) ቁጥር የሚያመነጨውን ክፍል ግን ልጁ ነክቶት ከሆነ ዛሬውኑ መልሱት። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2006 እ.ኤ.አ. የአንድ መፈተሻ መሣሪያን ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ከራሱ የኦፕንኤስኤስኤል ቅጂ ሁለት መስመር አጠፋ። ኮዱ ይሠራል፣ ቁልፉም ቁልፍ ይመስላል። ነገር ግን ለነሲብ የቀረው የፕሮሰስ ቁጥር ብቻ ነበር። ለአንድ ዓይነት ማሽንና የቁልፍ መጠን ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች ወደ 32 ሺህ ወረዱ። የታወቀው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ድምፅ የለውም።

የሚቀረውን ፓች ከዋናው ስሪት ላይ ለየብቻ ኮሚት አድርጋችሁ ደርቡት፤ አዲስ ስሪት ሲወጣ ሪቤዝ አድርጉ፣ ማለትም ፓቾቹን አዲሱ ስሪት ላይ መልሳችሁ ደርቡ። የላይብረሪውን ቴስት ሳታስኬዱ ሰርቨር ላይ አትጫኑ። ኔቱ እንደሚቆራረጥ ታውቃለህ፣ ሶርሱን (የላይብረሪውን ኮድ) ከነዲጂታል ፊርማው ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ። ለሌላ ሰው የሚጠቅም ፓች ካለ ለዋናው ፕሮጀክት ላኩት፤ የስምምነት ቅጽ ያስፈርማሉ፣ ግን ከተቀበሉት ሸክሙ ከናንተ ወረደ።

የልጁ ስልክ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉለት። ቡና ጋብዙትና ፓቾቹን አንድ በአንድ ጠይቁት። እኛ የኛን ስንደውልለት አገር ለቆ ሄዶ ነበር።