አለቃዬ «ተወው» ቢለኝስ?

ጥያቄውን የላከልን ሚኒሶታ የሚኖር ወጣት ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የፖሊስነት ትምህርት ይማራል፤ ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በተንከባካቢነት ይሠራል። ካጫወተን ውስጥ ዋናው ይኸው፦ «እናቴ ፖሊስ እንድሆን አትፈልግም። እኔ ግን ወስኛለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ገና አዲስ ገቢ ሆኜ፣ በካቴና ያሰርነው ሰው ታሞብን፣ አለቃዬ ‹ተወው፣ እያስመሰለ ነው› ቢለኝ ምን አደርጋለሁ? ኃላፊነቱ የሱ አይደለም ወይ? ደግሞ ከነርሲንግ ሆም ሌላ ልምድ የለኝም። ረዙሜዬ ላይ ምን ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ኃላፊነቱ ያንተም ነው። አዲስ መሆንህ አያድንህም። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፤ አንተው ባለህበት ግዛት የሆነ ነገር ስላለ ነው።

ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ ሲሞት፣ ሁላችንም ያየነው አንገቱ ላይ ያረፈውን የፖሊሱን የዴሪክ ሾቪንን ጉልበት ነው። አንተ ግን አጠገቡ የነበሩትን ልብ ብለህ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ቶማስ ሌን የፍሎይድን እግር ይዟል። ሙሉ ፖሊስ ሆኖ ሥራ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነበር። አሌክሳንደር ክዌንግ ጀርባው በኩል ነበር። እሱም ገና ሦስተኛ ሽፍቱ ነው፤ በሥራ ላይ ያሠለጠነው ደግሞ ራሱ ሾቪን ነው። ሾቪን 19 ዓመት የሠራ አንጋፋ ነበር። እንግዲህ አንተ የምትፈራው ቦታ ላይ የቆሙት እነዚህ ሁለት አዲስ ገቢዎች ናቸው።

ሌን «በጎኑ እናዙረው?» ብሎ ጠየቀ። ሾቪን አይሆንም አለ። ሌን ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ። ክዌንግ የልብ ትርታ ፈልጎ አጣ፤ ማጣቱንም ተናገረ። ከዚያ በኋላም ፍሎይድ ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ፣ በሆዱ እንደተኛ ቀረ። አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር። ግን አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ የፖሊሱ ነው፤ ሰውየው ያለቀው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

በፌብሩዋሪ 2022 የፌዴራል ጁሪ ሌንን፣ ክዌንግንና አብሯቸው የነበረውን ፖሊስ ቱ ታዎን ጥፋተኛ አላቸው። በሌን ላይ የቀረበው የፌዴራል ክስ አንድ ብቻ ነበር፦ በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው የሕክምና ርዳታ እንደሚያስፈልገው እያየ አለመርዳት። ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። አምቡላንስ ውስጥ ገብቶ የፍሎይድን ደረት ሲጫን እንደነበር ጁሪው ያውቃል። ይህም ሌንን ከፍርድ አላዳነውም። ከሁሉም ይህ ነው ልቤን የሚነካው። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ነው እስር ቤት የገባው።

ስለዚህ አለቃህን አትጠይቀው፤ ንገረው። «በጎኑ እያዞርኩት ነው» በልና አዙረው። መቆጣት የሱ ፋንታ ነው። ከፍሎይድ ሞት በኋላ በወጣው የሚኒሶታ ሕግም፣ አንድ ፖሊስ ሌላው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲጠቀም እያየ፣ መከልከል እየቻለ ዝም ማለት አይችልም። የአገልግሎት ዘመንም ሆነ ማዕረግ ሰበብ አይሆንም፤ ያየውንም በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሕክምናን በተመለከተ ነገሩ ከዚያም የቆየ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 ፖሊስ ሲይዘው የተጎዳ ሰው ሕክምና እንዲያገኝ ማድረግ የመንግሥት ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ መሆኑን ተናግሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እጁን ያሰርከው ሰው ራሱን ችሎ ሐኪም ቤት መሄድ አይችልም።

አሁን ወደ ረዙሜህ። «ሌላ ልምድ የለኝም» ያልከው ነገር አላሳመነኝም። ናይት ሽፍት ላይ ምን ትሠራለህ? አልጋ ላይ የዋሉትን እያዞርክ በጎናቸው ታስተኛለህ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ታያለህ። ስኳር ትለካለህ፣ ወይም ሲለካ አጠገብ ትቆማለህ። መናገር ያቃተው ሰው ምን እንደሚፈልግ ከፊቱ ታነባለህ። መኪና ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ የሚቆጣህ ሰው ሲገጥምህ ሌላው «ሰክሯል» ብሎ ያልፈዋል። አንተ ግን ስኳሩ ወርዶ ሊሆን እንደሚችል ታውቃለህ። ጭንቅላቱን የተመታም፣ ስትሮክ የያዘውም እንደዚያው ሰካራም ይመስላል። የሚያንኮራፋ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ወስዶት እንዳልሆነም ታውቃለህ፤ ቀስቅሰህ ስሙን ትጠይቀዋለህ። ይህን በአካዳሚ በጥቂት ሳምንት አያስተምሩም። ረዙሜህ አናት ላይ ይግባ። ጊዜ ካለህ የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ርዳታ) ኮርስ ጨምርበት። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይሰጡታል።

ኢንተርቪው ላይ ስትቀርብ አንተም ጠይቅ። እነሱ ብቻ መራጭ አይደሉም። የያዝነው ሰው አመመኝ ሲል ማነው የሚወስነው? ጄል ቤት ስናደርስ ማታ ማታ ነርስ አለች? ነርሷ «መጀመሪያ ሆስፒታል ወስዳችሁ አሳዩት» ብላ ብትመልሰን ዲፓርትመንቱ ምን ይላል? እኔ ከአዲስ ደመወዝ ይልቅ የዚህን መልስ አዳምጥ ነበር። «ሽፍት ያበላሻል፣ እንዳታበዛው» ብሎ የሚስቅ አለቃ ካየህ፣ ሌላ ከተማ አመልክት። በመስክ ሥልጠናህ ላይ ማን እንደሚመደብልህም ጠይቅ። ክዌንግ ማን ሥር እንደሠለጠነ አይተሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጻፍከው ውስጥ ወንጀለኛ ስለማባረር አንዲት ቃል የለም፤ ስለታመመ ሰው ግን ሦስት ጊዜ አንስተሃል። ምናልባት የምትፈልገው ባጁን ሳይሆን ከካቴናው በኋላ ያለውን ሥራ ይሆናል። ጄል ውስጥ የሚሠሩ ነርሶች አሉ፤ አንተም ከነርሲንግ ሆም ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤት የምትሻገርበት መንገድ አጭር ነው። ፖሊስ አትሁን እያልኩህ አይደለም። እንዳንተ ያለ ልጅ ፓትሮል ላይ ቢኖር እኔ ደስ ይለኛል። ግን ማመልከቻውን ከመሙላትህ በፊት ካውንቲ ጄል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ፈልገህ አንድ ቡና አብረሃት ጠጣ። አበሻ ነርስ ሚኒሶታ ውስጥ አይጠፋም፤ እናትህንም ጠይቃቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት አትጠፋም።

ከዚያ ረዙሜህን አስተካክለህ ላክልኝ፤ አየዋለሁ።