ያልተቆፈረው ይቆይ

ልጆቼ፣ አርኪዮሎጂ የምትማሩ ሁሉ አፈር ስታዩ መቆፈር ያምራችኋል። እኔም በሙያው ያረጀሁት በዚሁ አምሮት ነው። ግን እስቲ ስለ ሲልቸስተር ላውራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ሲልቸስተር ሃምፕሻየር በተባለው የእንግሊዝ ገጠር ያለ የሮማውያን ከተማ ነው፤ የድሮ ስሙ ካሌቫ። ለንደንና ዮርክ በሮማውያን ፍርስራሽ ላይ ተደራርበው ተሠሩ። ካሌቫን ግን ነዋሪው ጥሎት ሄደ፣ በላዩም ሌላ ከተማ አልበቀለም። ዛሬ ሣር ነው። ዙሪያውን 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የድንጋይ ግንብ ይከበዋል።

ከ1890 እስከ 1909 የለንደን የጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር የግንቡን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ለማለት ይቻላል ቆፈረው። የከተማውን ካርታ አወጡ፤ ግሩም ሥራ ነው። ግን የሚከተሉት የድንጋይ ግድግዳ ነበር። የእንጨት ቤት ምሰሶው ይበሰብስና አፈሩ ውስጥ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ይተዋል። አብዛኛውን ሳያውቁት ጥሰውት አለፉ። ካርታቸው ላይ ባዶ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ባዶ አልነበረም።

በ1997 የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በማይክል ፉልፎርድ መሪነት ከከተማው አንዱን ሰፈር፣ እሱንም ከፊሉን ብቻ፣ መቆፈር ጀመረ። በየበጋው እየተመለሱ እስከ 2014 ቆዩ። እነዚያ የሳቱት የእንጨት ቤት ወጣ። ከሥሩ ደግሞ ከሮማውያን በፊት የነበረ ከተማ ተገለጠ። ከአንድ የውኃ ጉድጓድ ሮማውያን አገሩን ከመውረራቸው በፊት የተበላች የወይራ ፍሬ ተገኘች። ለእኔ፣ በ1866 እዚያው ከተገኘው ዝነኛ የነሐስ ንስር ይልቅ እሷ ትበልጥብኛለች።

ቦታው አሁን በሕግ የተጠበቀ ነው። በ1979 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ቀርቶ የብረት መፈለጊያ ይዞ መዞርም ያስቀጣል። አንዳንዶቻችሁ ይህን ቢሮክራሲ ትሉታላችሁ። እኔ ግን አንድ የተቆፈረ ንብርብር ሁለተኛ እንደማይቆፈር ስለማውቅ ሕጉን እደግፋለሁ።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ አዲስ ጉድጓድ አትፈልጉ። መጀመሪያ የሙዚየም መጋዘን ግቡ። ድሮ ተቆፍሮ በደንብ ያልተጠና ስብርባሪ ሸክላና አጥንት ሞልቷል። አሰልቺ ነው፣ አቧራም አለው። አማካሪያችሁ «ሜዳ ያልወጣ ምን አርኪዮሎጂስት ነው?» ካላችሁ የሲልቸስተርን ካርታ አሳዩትና ባዶ ቦታዎቹን ጠይቁት።