ኳርተርባክ ጎበዝ መሆኑን በምን እንለይ?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ካላየሁ ይላል፣ እኔም አብሬው ቁጭ እላለሁ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ብዙ ያርድ ወረወረ ሲሉ ጎበዝ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያርድ፣ ማለትም በውርወራው ኳሱ ወደ ፊት የሄደው ርቀት፣ ብቻውን ያታልላል። ቡድኑ እየተመራ ከሆነ ልጁ ሲወረውር ነው የሚያመሸው፣ ያርዱም ይቆለላል። ይልቅ ከወረወረው ስንቱ ተያዘለት፣ በአንድ ውርወራ በአማካይ ስንት ያርድ አገኘ፣ ስንት ታችዳውን (ኳሱ የተቃራኒን የመጨረሻ መስመር አልፎ የሚቆጠር ነጥብ)፣ ስንቱን ለተቃራኒ አስረከበ (ኢንተርሴፕሽን የሚሉት) ብለሽ እዪ። የኤልኤስዩው (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲው) ኳርተርባክ ጆ በሮው በ2018 ከወረወረው የተያዘለት 57.8 በመቶ ነበር፣ ታችዳውኑም 16። በ2019 ግን 76.3 በመቶ፣ 60 ታችዳውን፣ 6 ኢንተርሴፕሽን ብቻ፣ ቡድኑም 15ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ልጁ ያው ልጅ ነው እኮ! ግን ጆ ብሬዲ የሚባል አሰልጣኝ መጥቶ አጨዋወቱ ተቀየረ፣ ኳሱን የሚይዙለት ደግሞ እነ ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጀፈርሰን ነበሩ፣ ስለዚህ ማን አጠገቡ እንዳለ ሳታዪ አትፍረጂ።

እኔ ከቁጥሩ በላይ የማምነው ዓይኑን ነው። ተከላካይ እየሮጠ ሲመጣበት፣ የሚመጣበትን ሰው ነው የሚያየው ወይስ ሜዳውን? ሪሞቱን ይዘሽ መልሰሽ እዪው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋ ብሎ ረጋ ብሎ የሚወረውር ከሆነ እሱ ልጅ የምር ነው።

ደግሞ በኮሌጅ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይለቅ ጨዋታው ከተጀመረበት መስመር ኋላ ሲጣል የጠፋው ያርድ ከሩጫው ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ሩጫው ከዜሮ በታች ሆኖ ብታዪ መሮጥ አይችልም እንዳትዪ።